እጁን የሚጭነው ማን ነው?

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጽፏል። ከጻፈው ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣው የክህነት አሰጣጡ ነው። አቡነ ማርቆስ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ግብጻዊ ጳጳስ ተቀምጠዋል፤ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ተሰልፏል፤ እያንዳንዱ ከመጽሐፍ ጥቂት ቃል አንብቦ ያልፋል። በአንድ ቀን ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ቄሶች ተሾሙ። የዲያቆናቱ ተራ ሲደርስ ደግሞ ጡት ያልጣሉ፣ በሰው ክንድ ታቅፈው የመጡ ሕፃናት ቀረቡ፤ ቦታው በልቅሶ ተሞላ። አልቫሬዝ ተገርሞ ምክንያቱን ጠየቀ። የጳጳሱ መልስ አጭር ነበር፦ እርሳቸው አርጅተዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ከእርሳቸው በፊትም አገሪቱ ከ20 ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ እንደቆየች አልቫሬዝ ሰምቷል።

ይህን የሚያነብ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ያፍራል። እኔ የሚታየኝ ስሌት ነው። ዛሬ ሕፃን ሳለ የተሾመ ዲያቆን ከ20 ዓመት በኋላም ዲያቆን ነው። ጳጳስ ባይኖር እንኳ ቅዳሴ አይታጎልም። ድርቅ የለመደ ገበሬ ጎተራውን በደግ ዓመት እንደሚሞላ ሁሉ፣ ጳጳስ በማጣት የተፈተነ ሕዝብ ባገኘው አጋጣሚ ክህነትን ያከማች ነበር።

ብዙ ጊዜ ሃይማኖትና የሃይማኖት ተቋም ተለያይተው ይነገራሉ። እምነት ከልብ ነው፤ ቢሮ፣ ማኅተም፣ ደንብ፣ ሹመት የሰው ሥራ ነው ይባላል። አልቫሬዝ ያየው ግን ሁለቱ በአንድ ቦታ መገናኘታቸውን ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ቄስ ከሌለ ቁርባን የለም። ቄስ ቄስን መሾም አይችልም፤ የሚሾመው ጳጳስ ነው። ታቦት የሚባርክ፣ ሜሮን የሚያድል ጳጳስ ነው። ጳጳስን የሚሾሙት ደግሞ ሌሎች ጳጳሳት ናቸው። ሐዋርያት ጭነውታል ከሚባለው እጅ ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ሰንሰለት ነው። የአንድ ምእመን የልብ እምነት የቱንም ያህል ቢጸና ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ቢጠፋ የሚተካበት መንገድ አያገኝም። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ደጋግሜ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ እጁን የሚጭነው ማን ነው? የተቋም ሥልጣን፣ ገንዘብና ጠብ አብዛኛው የሚፈልቀው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የቁጥር ጉዳይ

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ በእኛ አጠራር አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ የሚመጣው ከግብጽ ነበር። 1 ሺህ 600 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ያህል የቆየ ሥርዓት በልማድ ብቻ አይጸናም፤ የጸናው በሕግ ነው። ፍትሐ ነገሥት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቀኖና አለ። ቀኖናው የኒቅያ ጉባኤ ሥራ ተደርጎ ይቀርባል። የኒቅያ አባቶች እ.ኤ.አ. በ325 ያወጧቸው ቀኖናዎች ግን 20 ብቻ ናቸው፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር በመካከላቸው የለም። በኋላ ዘመን በዐረብኛ ከተዘጋጁት ስብስቦች ጋር የገባ ነው። ከኒቅያ ይምጣም አይምጣ ሥራውን ሠርቷል።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ የጳጳሳቱ ቁጥር እንዲጨመርለት ጠይቆ ነበር። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን የአባቶች ታሪክ እንደሚተርከው ፓትርያርኩ ቁጥሩ ከ7 እንዳያልፍ ብለው እምቢ አሉ። ምክንያቱም በግልጽ ተቀምጧል፦ ጳጳሳቱ 10 ከሞሉ ተሰብስበው የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ይሾማሉ፤ ከዚያ በኋላ እስክንድርያን የሚጠይቃት የለም። የጠቡ መነሻ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ አልነበረም፤ በዚያ ጉዳይ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ናቸው። የተጣሉት ስለ ቁጥር ነው። ዛሬ አንድ ድርጅት ቅርንጫፉን በዋና መሥሪያ ቤቱ ሥር ለማቆየት የመቅጠር ሥልጣኑን አሳልፎ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ የእስክንድርያም አባቶች የመሾም ሥልጣናቸውን አጥብቀው ይዘው ነበር።

ለነገሥታቱ ጉዳዩ የዙፋን ጉዳይ ሆነ። ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኛና ስጦታ ወደ ካይሮ መላክ፣ የግብጽን ሙስሊም ገዥዎች ማስፈቀድ፣ መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። የተሳካለት ግን ትልቅ መሣሪያ አገኘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ የሚቀባ ጳጳስ ግን አልነበራቸውም። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ አስቀድመው ከካይሮ አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ተክለ ጊዮርጊስን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ የቀባቸው ጳጳስ አጠገባቸው ነበር። እኒሁ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1881 በአንድ ጊዜ አራት ጳጳሳት አስመጡ፤ ጴጥሮስን፣ ማቴዎስን፣ ሉቃስንና ማርቆስን። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እምቢ የተባለው ጥያቄ በከፊል ተመለሰ። ከአራቱ አቡነ ማቴዎስ ሸዋ ደረሱ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሲያወርዱ፣ ለአልጋ ወራሹ ከማሉት መሐላ የሚፈታቸው ጳጳስ አስፈልጓቸው ነበር። ያ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ሆኑ። ሠራዊት የያዘ፣ ግምጃ ቤት የያዘ፣ ቤተ መንግሥቱን የያዘ ሰው ከመሐላ ለመፈታት አንድ ሽማግሌ ግብጻዊ መነኩሴ መጠበቁ፣ የተቋም ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተሻለው ነው።

ከጳጳሱ በታች

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ፣ ከስንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይመጣ አንድ ባዕድ ሰው በላይ ተቀምጦ፣ ሃይማኖቱ ከታች እንዴት ቆመ? ከላይ ያለው መዋቅር ከተዘረዘረ አንድ ገጽ አይሞላም። ሀገረ ስብከት በዛሬው ትርጉሙ አልነበረም፤ መምሪያ አልነበረም፤ ደመወዝ አልነበረም።

ያቆሙት ሌሎች ተቋማት ናቸው። አስተዳደሩን በብዛት የሚመራው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ የአገሩን ልማድና ጠብ የሚያውቅ። በየደብሩ አለቃው፣ ገበዙና መሪጌታው ነበሩ። በየቤቱ የንስሐ አባት ነበር፤ የሚያስታርቀው፣ የሚናዝዘው፣ ሲሞቱ የሚፈታው፣ ለፋሲካ ተጠርቶ ቤቱን የሚባርከው እርሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የአብነት ትምህርት ቤቱ ነበር፤ በእኔ እምነት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ተቋም እርሱ ነው፤ ስለ ሲኖዶስ ከሚጻፈው ግን አንድ አሥረኛው እንኳ አይጻፍለትም።

ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ ከአገሩ ይወጣል። ፊደሉንና ዳዊቱን ጨርሷል። ድጓ ሊያስመሰክር ከሆነ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይወርዳል። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ይሄዳል። ቅዳሴ ከሆነ ወሎ ሰለልኩላ ወይም ትግራይ ደብረ ዓባይ፤ አቋቋም ከሆነ ጎንደር። ቅኔ ለመቁጠር ዋሸራና ጎንጅ፣ ዋድላም አሉ። ይህን ካርታ ያወጣ ቢሮ የለም። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ እንድትሆን የታወጀ አዋጅ የለም። ሆኖም የሐረርጌ መሪጌታ ከቤተ ልሔም የተመሰከረለት መሆኑ ከተነገረ የጎጃም ደብር አይጠራጠረውም። ዕውቅናው የተሰጠው በማኅተም ሳይሆን ከመምህር ወደ መምህር በሚወርድ የትውልድ ሐረግ ነው፤ የማን ተማሪ ነህ ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱ ይታወቃል።

በጀቱስ? ተማሪው ማለዳ መንደሩን ይዞራል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ቁራሽ ታወጣለች፤ ውሻው ያባርረዋል። ቁራሿ እየተጠራቀመች፣ በየመንደሩ ስትቆጠር፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንት ያፈራ የትምህርት በጀት ሆነች። ይህን የሚመዘግብ ሒሳብ ሹም ስለሌለ ማንም ሊዘርፈው አልቻለም።

የዕውቀቱ መረብ ከክህነቱ ሰንሰለት ጋር አንድ አለመሆኑን የሚያሳይ ሰው አለ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴት ናቸው፤ ዓይነ ስውርም ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ሴት ቅስና አትሾምም። ነገር ግን ጎጃም፣ ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል፤ ከእርሳቸው ሥር ቅኔ ቆጥረው የወጡት ወንዶች ቄሶችና መሪጌቶች ሆነዋል። ጳጳሱ ያልሾማቸው መምህር ጳጳሱ የሚሾማቸውን ሰዎች አወጡ።

መረቡ ብቻውን የት ድረስ መሄድ እንደሚችል በታሪክ አንድ ጊዜ በሚገባ ተፈትኗል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ከእሑድ በተጨማሪ ቅዳሜም ሰንበት ሆና ትከበር አሉ። የእስክንድርያ ወግ ይህን አይቀበልም ነበር። ኤዎስጣቴዎስ ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1352 አርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከየደብሩ ተባረሩ፤ ጳጳሱ ክህነት አልሰጥም አላቸው፤ እነርሱም ከእርሱ አንቀበልም አሉ። በወረቀት ላይ ካየነው ይህ ሞት ነው፤ ካህን የማያፈራ ማኅበር በአንድ ትውልድ ውስጥ ማለቅ አለበት። አላለቁም። ወደ ሰሜን ወጥተው ሰው ባልበዛበት ምድር ገዳማት ተከሉ፤ ደብረ ማርያምንና በኋላም ዝነኛውን ደብረ ቢዘንን። ዐፄ ዳዊት መጀመሪያ መሪያቸውን አባ ፊልጶስን አሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1404 ግን ቅዳሜን እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ከሌላ 46 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ሁለቱ ግብጻውያን ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤል ቅዳሜን ተቀበሉ፤ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስም ክህነት ከጳጳሳቱ ለመቀበል ተስማሙ።

ይህን ታሪክ የአማጺዎች ድል አድርገው የሚተርኩ አሉ። እኔ ሁለተኛው ግማሽ ይበልጥብኛል። መቶ ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ መኖር የቻለ እንቅስቃሴ፣ የፈለገውን ካገኘ በኋላ እንኳ ከጳጳሱ እጅ ውጭ መኖርን አልመረጠም። ቅዳሜን አሸንፎ ወደ ሰንሰለቱ ተመለሰ። ገዳም፣ መምህርና ሕዝብ ሊሸከሙት የሚችሉት ብዙ ነው፤ እነርሱ ራሳቸው ግን ያንን አንድ እጅ እስከ መጨረሻው ይፈልጉት ነበር።

የራስ እጅ

በ1921 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ኤጲስ ቆጶስነት ተሾሙ፤ አብርሃም፣ ጴጥሮስ፣ ሚካኤልና ይስሐቅ። በማግሥቱ ዓመት የእስክንድርያው ፓትርያርክ አዲስ አበባ መጥተው እጨጌውን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ጨመሩ። ጳጳሳት ሆኑ እንጂ ሌላ ጳጳስ የመሾም መብት አላገኙም፤ የሊቀ ጳጳሱም መንበር በግብጻዊው በአቡነ ቄርሎስ እጅ ቆየ። ከዚያ ጣልያን መጣ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ፤ አቡነ ሚካኤልም ከጥቂት ወራት በኋላ ጎሬ ላይ ተገደሉ። ወራሪው በበኩሉ የጳጳስን ዋጋ ጠንቅቆ ስላወቀ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ቆርጦ አቡነ አብርሃምን በራሱ ፈቃድ የበላይ አደረገ። እስክንድርያ አወገዘች። ነጻነት የሚመስል ነገር በባዕድ ወታደር እጅ ሲመጣ ሹመቱ ተቀባይ አያገኝም።

ትክክለኛው መንገድ ድርድር ነበር፤ ረጅምና አሰልቺ ድርድር። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተብለው ከሌሎች አራት ጋር ተሾሙ። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ በጥር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ጳጳሳትንም የመሾም ሥልጣን አገኙ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ፓትርያርክ ተባሉ። ዛሬ ጥንታዊ የምንላቸው ብዙ ነገሮች ልደታቸው እዚህ አካባቢ ነው። በጥቅምትና በርክበ ካህናት የሚሰበሰበው ቅዱስ ሲኖዶስ፣ የፓትርያርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ሀገረ ስብከቶቹ፣ የወረዳ ቤተ ክህነቶቹ፣ ሁሉም ከአንድ ረጅም ዕድሜ ካለው ሰው ሕይወት አይበልጡም። ድጓው በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣቸዋል።

ገንዘቡም እንዲሁ። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደረው በመሬት ነበር። ሲሶው የቀዳሽ ነው ይባል የነበረው ተረት እንጂ ልኬት አይደለም፤ ከአገር አገር ይለያያል። አሠራሩ ግን ግልጽ ነው። የሰሞን መሬት የተባለው ለአገልግሎት የተሰጠ ነው፤ የቀደሰ ቄስ፣ ማኅሌት የቆመ መሪጌታ በመሬቱ ያርሳል ወይም ያሳርሳል። ካህኑ ደመወዙን የሚቀበለው ከቢሮ ሳይሆን ከአፈሩ ነው፤ አለቃውም ሆነ ጳጳሱ ደመወዝ ይዞ ሊያስፈራራው አይችልም። በ1935 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ የቤተ ክርስቲያንን ገቢ በማዕከላዊ ግምጃ ቤት ለማሰባሰብ ሞከረ፤ ሥራው ዳገት ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጣ። ደንቡ በእያንዳንዱ ደብር ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ያዛል፤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ላይ የሚቀመጡበት፣ አባል ተመዝግቦ መዋጮ የሚከፍልበት። በጊዜው ብዙ አለቆች እንደ ተጨማሪ ጣጣ ማየታቸው አይገርምም፤ መሬት ያለው ደብር ከምእመን ላይ መዋጮ መልቀም ለምን ይፈልጋል? ሁለት ዓመት ብቻ አለፈ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የሰሞን መሬት በአንድ ቀን ጠፋ። የደርግ ዓላማ ቤተ ክርስቲያንን ማዳከም ከነበረ በሌላ አገር የተሳካ ዘዴ ነው። እዚህ ግን ወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ሰበካ ጉባኤ ሕይወት ዘራ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በባለርስትነት ከመኖር በምእመናን መዋጮ ወደ መኖር ተሻገረች። የከተማው ሰው የወር መዋጮውን ከፍሎ ደረሰኝ ተቀበለ፤ ለፍትሐትም ሆነ ለቀብር አባልነቱ መጠየቅ ጀመረ። የገጠሩ ካህን ደግሞ ደኸየ፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም። የአብነት ትምህርት ቤቶችም ከከተማ መዋጮ የሚደርሳቸው እስከ ዛሬ ከፍርፋሪ አያልፍም።

የማን ስም ይጠራ?

አዲሱ መዋቅር ሲገነባ አንድ ደካማ ጎን አብሮት መጣ። በአንድ ሰው የተቋጠረን ተቋም ያንን ሰው በመያዝ መያዝ ይቻላል። አቡነ ቴዎፍሎስ መንግሥትን ሳያሳውቁ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ፤ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ተይዘው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ቀደም ሲል፣ ገና በሕይወት ሳሉ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተተክተው ነበር። እስክንድርያ ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም ብላ አላወቀቻቸውም። የሚገርመው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው በጾምና በትሕትና የሚታወቁ፣ በሕዝብ የተወደዱ አባት መሆናቸው ነው። የተተኩበት መንገድና የሰውየው ቅድስና ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ምእመኑ የሚመልሰው ሁለተኛውን፣ ቀኖና የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው።

ደርግ ሲወድቅ ታሪኩ በሌላ መልክ ተደገመ። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ መንበራቸውን ለቀቁ፤ ተገደው ነው ወይስ በፈቃዳቸው የሚለው ለሩብ ምዕተ ዓመት ያከራከረ ነው። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ ውጭ ያሉ ጳጳሳትም ሲኖዶስ አቋቋሙ። ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ሎንዶን የነበረ ምእመን የገጠመው እንግዲህ ይህ ነው፦ ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ ታቦቱ አንድ፣ ዜማው አንድ። ልዩነቱ የሚሰማው ዲያቆኑ ስለ ፓትርያርኩ ጸልዩ ሲል ነው። የማን ስም ይጠራል? የአቡነ ጳውሎስ ከሆነ የአገር ቤት፣ የአቡነ መርቆሬዎስ ከሆነ ስደተኛው፤ የማንም ካልሆነ ገለልተኛ። ሦስት ዓይነት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ስም ተለየ።

ገለልተኛ የተባሉት ለዚህ ምዕራፍ ትልቅ ትምህርት አላቸው። ጳጳስ የላቸውም፤ ግን ያለ ተቋም አልኖሩም። በአሜሪካ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነው ተመዘገቡ፤ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፤ ቦርድ መረጡ፤ ሕንጻ በብድር ገዙ። ቄሱ የቦርዱ ተቀጣሪ ሆነ። ጠብ ሲነሳ ፍርድ ቤት ተኬደ፤ የአሜሪካ ዳኛ ደግሞ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ አይገባም፤ የሚመለከተው ደንቡን፣ የንብረት ሰነዱን፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ነው። ጳጳስን ሽሽት የሄደ ሰው ጠበቃ ዘንድ ደረሰ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እርቅ ሲወርድ የተገኘው መፍትሔም ተቋማዊ ነበር፤ ሁለት ፓትርያርኮች፣ አንዱ በአስተዳደር፣ አንዱ በጸሎትና በቡራኬ። የሁለቱም ስም ተጠራ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የጳጳስ ሥርዓት ያመጣው ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እስልምና የክህነት ሰንሰለት የለውም፤ ኢማም የሚሆነው በዕውቀቱና ጀመዓው ስለተቀበለው ነው። ሆኖም በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው የሙስሊሞች ምክር ቤት፣ መጅሊስ፣ ለረጅም ጊዜ የክርክር ምንጭ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. አደባባይ የወጣው ተቃውሞ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ መሆኑ ቀርቶ በመስጂድ እንዲካሄድ ነበር። ጥያቄው የአምልኮ ሳይሆን ማን ማንን ይመርጣል የሚል ነው። በሌላ በኩል መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘጋት፤ ሕንጻዎቿን ወሰደ፤ መሪዎቿን አሰረ። በጊዜው 5 ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት። አባላቱ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየተሰበሰቡ፣ ሴቶችም እየመሩ፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ ሲወጡ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ሕንጻ ስለሌላቸው ተቋም አልነበራቸውም ማለት ግን ስህተት ነው። ማን የትኛውን ቤት እንደሚመራ፣ ማን ሲታሰር ማን እንደሚተካ በጥንቃቄ የተወሰነ ነበር። ደርግ ያላየው ተቋም ነበር እንጂ ተቋም አልጠፋም።

ወደ ጳጳሳቱ ልመለስ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ 26 መነኮሳትን ኤጲስ ቆጶስ አድርገው ሾሙ። ምክንያታቸው ቤተ ክርስቲያኒቱ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በራሱ ቋንቋና ከራሱ በወጡ አባቶች በበቂ አላገለገለችም የሚል ነበር። ሲኖዶሱ አወገዛቸው፤ ሰው ሞተ፤ አገር ታመሰ። ቅሬታው ውስጥ እውነት ነበረ፤ መንገዱ ግን እስክንድርያን ከ800 ዓመት በፊት ያስፈራትን ቁጥር የሚያስታውስ ነበር፤ ጳጳሳት ከበዙ ሌላ ሲኖዶስ ይወለዳል። ሲኖዶሱ በውግዘት ብቻ አልቆመም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 ቤተ ክርስቲያኒቱ በሕግ ፊት ሰው ናት ይላል፤ በዚሁ መብት ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ ጠየቀ። በየካቲት ስምምነት ተደረሰ፤ ሦስቱ ሊቃነ ጳጳሳት ወደ ቦታቸው፣ የተሾሙትም ወደ ቀድሞ መዓርጋቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲኖዶሱ በራሱ እጅ 9 ኤጲስ ቆጶሳት ሾመ፤ የሚበዙት ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት ነበሩ።